ለሦስት ሩብ ጉዳይ፦ የአንዲት ቅነሳ የ3500 ዓመት መንገድ

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ኳስም አልጽፍም። ዛሬ የምጽፈው ስለ አምስተኛ ክፍል የቤት ሥራ ነው። «ምን ጉድ ነው ደግሞ?» ሳትሉ እስቲ ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ከቤት ሥራነት ያልፋል።

በቀደም ማታ ታናሽ እህቴን ደብተሯን ታቅፋ ስታለቅስ አገኘኋት። ጥያቄው ይህ ነበር። አንዲት ልብስ ሰፊ 5 ሜትር ጨርቅ ነበራት። ከዚያ ላይ 2¾ ሜትር ለቀሚስ ቆረጠች። ስንት ሜትር ተረፋት? እህቴ የጻፈችው መልስ 3¾ ነው። በላዩ ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ ተጋድሞበታል። ከኤክሱ ሥር ደግሞ እሷ ራሷ በእርሳስ «ሒሳብ አይገባኝም» ብላ ጽፋለች።

የሚገርመው እናታችን ልብስ ሰፊ ናት። ጥያቄውን ጮክ ብዬ ሳነበው ከመኪናዋ ላይ ቀና እንኳ ሳትል መለሰች፦ «ለሦስት ሩብ ጉዳይ ተቆረጠ ማለት አይደል? ሩቧ ሦስትን ትሞላለች፤ ከሦስት እስከ አምስት ሁለት። ሁለት ሜትር ከሩብ ነዋ!»

እህቴ እንባዋን እየጠረገች «እማዬ ደግሞ! እንደሱ አይደለም የሚሠራው፤ ስቴፕ አለው» አለቻት። እማዬም «እኔ ድሮስ መቼ ሒሳብ እችልና» ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ይህቺ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ጨርቅ ሳታበላሽ የቆረጠች ሴት ትክክለኛውን መልስ ሰጥታ ሳለ «ሒሳብ አልችልም» ትላለች። ልጅቷ ደግሞ ትክክለኛውን መልስ እየሰማች «ይሄ ሒሳብ አይደለም» ትላለች። እኔም ነገሩን ከሥሩ ለማየት መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁት እነሆ፦ የእማዬ ዘዴ እስከ ዛሬ ከተረፉት የሒሳብ ጽሑፎች መካከል ከቀደምቶቹ በአንዱ ላይ ሰፍሮ የሚገኝ ነው።

ስህተቱ ከየት መጣ?

በመጀመሪያ ለእህቴ ጥብቅና ልቁም። 3¾ ብላ የጻፈችው ሰንፋ አይደለም። ከ5 ላይ 2 ቀነሰች፤ 3 አገኘች። ልክ ናት። ከዚያ ¾ ብቻውን ቀረ። በላዩ ምንም የለም። ስለዚህ እንዳለ አወረደችው። ይህ «ባዶ ከሆነ አውርደው» የሚሉት ደንብ በመደመር ላይ ይሠራል፤ 5 ሲደመር 2¾ በእርግጥም 7¾ ነው። በመቀነስ ላይ ግን ይከዳል፤ ምክንያቱም ¾ም እንደ 2 ሁሉ ከዚያው ከ5 ላይ መነሳት አለበት። የተቆረጠው ጨርቅ እንዳለ ወደ ተረፈው ተመለሰ እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ጥፋተኛ አጻጻፉ ነው። ስንናገር «ሁለት ከሦስት ሩብ» እንላለን፤ ያቺ «ከ» ሁለቱን ታስራቸዋለች። ስንጽፍ ግን 2¾ ብለን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸዋለን። በመካከላቸው ያለው የመደመር ምልክት ተደብቋል። ለልጅ ዓይን ሁለት የማይተዋወቁ ቁጥሮች ናቸው።

ይህ አጻጻፍ ደግሞ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በክፍልፋይ መሐል የምናሰምራትን አግድም መስመር ቀድመው ከተጠቀሙት መካከል በ12ኛው ክፍለ ዘመን በማግሪብ የኖረው የሒሳብ ሊቅ አል ሐሳር ይጠቀሳል። ጣሊያናዊው ፊቦናቺ እ.ኤ.አ. በ1202 በጻፈው «ሊበር አባቺ» በተባለው መጽሐፉ መስመሯን ለአውሮፓ አስተዋወቀ። እሱ ግን ክፍልፋዩን የሚጽፈው ከሙሉው ቁጥር በስተግራ ነበር፤ የእኛን 2¾ እንደ ¾2 ማለት ነው። የዛሬው አጻጻፍ እንግዲህ የልማድ ጉዳይ ነው። ጥያቄው ግን ከአጻጻፉ በብዙ ይበልጣል፤ ከሁለት ሺህ ሰባት መቶ ዓመት በላይ!

አንደኛው መንገድ፦ መሙላት

እ.ኤ.አ. በ1858 ሄንሪ ሪንድ የተባለ ስኮትላንዳዊ በግብፅ ሉክሶር ከተማ አንድ የፓፒረስ ጥቅልል ገዛ። ሰውየው በ1863 ሞተ፤ ጥቅልሉ በ1865 ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ። የጻፈው አህሜስ የተባለ ጸሐፊ ሲሆን ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ገደማ ነው። አህሜስ ጨዋ ሰው ነው፤ ከራሴ አፈለቅሁት አላለም። ከእሱ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ከሚቀድም ጽሑፍ እንደገለበጠው በግልጽ ጽፏል።

በጥቅልሉ ውስጥ ከ80 በላይ ጥያቄዎች አሉ። ዳቦን ለ10 ሰዎች ማካፈል፣ እህል መስፈር፣ መሬት መለካት... ባጭሩ የኑሮ ጥያቄዎች። 21ኛው፣ 22ኛውና 23ኛው ግን ለየት ይላሉ። «ቀንስ» አይሉም። «ሙላ» ነው የሚሉት! የ21ኛው ሐሳብ ይህ ነው፦ ⅔ እና 1/15 አሉህ፤ 1 እስኪሆን ድረስ ሙላው።

አህሜስ እንዴት ሠራው? 15ን ያዘ። የ15 ⅔ 10 ነው፤ የ15 1/15 ደግሞ 1። ድምሩ 11። 15 ለመሙላት 4 ይጎድላል። 4 ማለት 3 እና 1 ነው፤ 3 የ15 አምስተኛ ነው፣ 1 ደግሞ አሥራ አምስተኛ። ስለዚህ የጎደለው 1/5 እና 1/15 ነው። ግብፃውያን ከ⅔ በቀር በአብዛኛው ላዕላቸው 1 የሆኑ ክፍልፋዮችን ብቻ ስለሚጽፉ መልሱን 4/15 ብሎ አላስቀመጠውም። እነዚያን የመሸጋገሪያ ቁጥሮች የጻፋቸው በቀይ ቀለም ነው። በጥንቷ ግብፅ ቀይ ቀለም ለእርዳታ ነበር፤ በእህቴ ደብተር ላይ ግን ለምን እንደዋለ አይታችኋል።

አሁን ወደ እማዬ ተመለሱ። «ሩቧ ሦስትን ትሞላለች፤ ከሦስት እስከ አምስት ሁለት።» ይህ የአህሜስ ዘዴ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ከተቆረጠው ተነስተህ ወደ ሙሉው ትወጣለህ፤ በመንገድህ ላይ የለቀምከው መልሱ ነው። ባለሱቁ መልስ ሲሰጥህም እንደዚሁ ነው። 5 ብር ሰጥተህ የ2 ብር ከ75 ዕቃ ብትገዛ ቀንሶ አይደለም የሚሰጥህ፤ 25 ሳንቲም እጅህ ላይ አስቀምጦ «ሦስት» ይላል፣ ቀጥሎ «አራት፣ አምስት»።

ቋንቋችንም ይህንን ያውቃል። ሰዓት ስንቆጥር «ሁለት ከአርባ አምስት» ከማለት ይልቅ «ለሦስት ሩብ ጉዳይ» ይቀናናል። ጉዳይ ማለት ጎደሎ ነው። ከለሦስት ሩብ ጉዳይ እስከ አምስት ሰዓት ስንት ሰዓት አለ ብትሉት ማንም የሰፈር ልጅ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይላችኋል። እህቴም ትላለች። ጠይቄያት መልሳለች! ያው 5 ሲቀነስ 2¾ መሆኑን ግን ማንም አልነገራትም።

ይህ የእኛ ብቻም አይደለም። ሮማውያን ሦስት አራተኛን «ዶድራንስ» ይሉት ነበር፤ ሩብ የጎደለው እንደማለት ነው። አሥራ ዘጠኝን ደግሞ ሃያ ለመሙላት አንድ የቀረው ይሉት ነበር። ገጣሚው ሆራስ ስለ ግጥም ጥበብ በጻፈው መልእክት ውስጥ የሮማ ልጆች የሚማሩት ገንዘብ መከፋፈል ብቻ ሆነ ብሎ ሲያማርር የአንድ ክፍል ትዕይንት ያሳየናል። ተማሪው ከ5/12 ላይ 1/12 ቢነሳ ስንት ይቀራል ተብሎ ይጠየቃል፤ ሲሶ ብሎ ይመልሳል፤ ይመሰገናል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊትም ክፍልፋይ መቀነስ የተማሪ ዕዳ ነበር ማለት ነው።

ሕንዳዊው ባስካራ እ.ኤ.አ. በ1150 ገደማ በጻፈው «ሊላቫቲ» ደግሞ ሁለት ዓይነት ድብልቅ ቁጥሮችን ለይቶ ያስተምራል። አንደኛው ሙሉ ላይ ክፍልፋይ የተጨመረበት፣ ሁለተኛው ከሙሉ ላይ ክፍልፋይ የጎደለበት። ምሳሌዎቹ ሁለት ከሩብ እና ሦስት ሩብ ሲጎድል ናቸው። አያችሁ? የእህቴ ጥያቄና መልስ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ 2¾ በ«ለሦስት ሩብ ጉዳይ» መልኩ፣ 2¼ ደግሞ በስሙ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንዳንዶቹ ጥያቄዎች ለአንዲት ልጃገረድ የቀረቡ ሆነው መጻፋቸውም ለእህቴ መጽናኛ ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ መመንዘር

መሙላት ውብ ነው፤ ገደብ ግን አለው። ከ9 ሜትር ላይ 2⅜ እና 1⅚ ሜትር ተቆርጦ ስንት ቀረ ብትሏት እማዬም መኪናዋን ታቆማለች። ስምንተኛና ስድስተኛ በአንድ ቋንቋ አይነጋገሩም። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው መንገድ የሚያስፈልገው።

የዚህ መንገድ ጥሩ ምስክር «ዘጠኙ የሒሳብ ምዕራፎች» የሚባለው የቻይና መጽሐፍ ነው። በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን የተጠናቀረ ሲሆን ሊዩ ሁዊ የተባለው ሊቅ በ263 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ማብራሪያ ጽፎበታል። 246 ጥያቄዎች አሉት። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ እርሻ መሬት ልኬት ነው፤ በዚያው ውስጥ ክፍልፋይን ስለ መቀነስ ራሱን የቻለ ደንብ አለ። ከ8/9 ላይ 1/5 ቢነሳ 31/45 ይቀራል፤ ከ¾ ላይ ⅓ ቢነሳ 5/12 ይቀራል። ድብልቅ ቁጥር ሲመጣ ደግሞ ሙሉውን በታህቱ አባዝተው ላዕሉን ይደምሩበታል። በዚህ ዘዴ 3⅓ በ5⅖ የሆነ መሬት ስፋቱ 18 መሆኑን ያሳያሉ።

ይህ በእኛ የመማሪያ መጽሐፍ «ሕገ ወጥ ክፍልፋይ» የሚባለው ነው። (ምስኪን! ምን ሕግ እንደጣሰ እስከ ዛሬ አልገባኝም።) የእህቴ ጥያቄ በዚህ መንገድ ሲሠራ 5 ሜትር 20 ሩቦች ናቸው፤ 2¾ ደግሞ 11 ሩቦች። ከ20 ላይ 11 ሲነሳ 9 ሩብ፤ እሱም 2¼ ነው።

ሁሉንም መመንዘር ከከበዳችሁ አንዷን ብቻ ዘርዝሩ። 5 ማለት 4 እና 4/4 ነው። ከ4/4 ላይ ¾ ሲነሳ ¼፤ ከ4 ላይ 2 ሲነሳ 2። አለቀ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ዝርዝር የለህም?» ሲል የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ብሩ በእጅህ አለ፤ ካልተመነዘረ ግን ሳንቲም አይነሳበትም። እህቴ የጎደላት ይህ ነው፤ ያንን 5 መሰበር የማይችል ድንጋይ አድርጋ ነው ያየችው።

በእኛም ቤት ነበር

ይህ ሁሉ የግብፅና የቻይና ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ወደ ባሕረ ሐሳብ እንለፍ። በትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ይህ የበዓላትና የአጽዋማት መቁጠሪያ ሁለቱንም መንገዶች ይዟል።

መሙላቱ ይኸውላችሁ። በየዓመቱ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። የ2000 ዓ.ም.ን እንይ። 5500 ሲደመር 2000፣ 7500 ነው። ለ19 ሲካፈል 14 ይቀራል፤ አንድ ሲነሳለት ወንበሩ 13። 13 በ11 ሲባዛ 143፤ በ30 ሲገደፍ 23፣ አበቅቴ ይህ ነው። 13 በ19 ሲባዛ 247፤ በ30 ሲገደፍ 7፣ መጥቅዕ ይህ ነው። 23 እና 7፣ 30። ሁለት ጊዜ ማስላትም አያስፈልግም፤ አንዱን ካወቅህ ሌላውን 30 እስኪሞላ ትቆጥራለህ። አህሜስ ቢያየው ፈገግ ይል ነበር።

መመንዘሩ ደግሞ በኬክሮስ ነው። አንዲት ዕለት 60 ኬክሮስ ናት። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ ነው፤ ማለትም 365¼። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ከ22 ኬክሮስ ያህል ነው። ልዩነቱ ስንት ነው? ከ15 ላይ 22 አይነሳም። ታዲያ ከ365ቱ ቀን አንዷን መዝር፤ 364 ቀን ከ75 ኬክሮስ ይሆናል። ሲቀነስ 10 ቀን ከ53 ኬክሮስ። ይህ በሙሉ ቁጥር ሲያዝ ያ የታወቀው ጥንተ አበቅቴ፣ 11 ነው። በእማዬ አነጋገር ለአሥራ አንድ ሰባት ኬክሮስ ጉዳይ!

ቀለም የሚቆጥሩ ተማሪዎች ይህንን ወረቀት ሳይነኩ በቃላቸው ይሠሩታል። አምስተኛ ክፍል ደርሰን ግን ይኸው ነገር እንደ አዲስና እንደ ባዕድ ይመጣብናል።

ሦስተኛው መንገድ፦ ተበድሮ መክፈል

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። መምህራን «አንድ ተበደር» ሲሉ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። እኔ ልጅ ሆኜ «መቼ ነው የሚከፈለው?» እያልኩ እጨነቅ ነበር። ለካ ጭንቀቴ ታሪክ አለው። በመካከለኛው ዘመንና ከዚያም በኋላ በአውሮፓ በስፋት ይሠራበት የነበረ አንድ ዘዴ አለ፤ እዚያ ብድሩ በእርግጥም ይከፈላል። ከላይ በዝርዝር አንድ ትጨምራለህ፤ ከታች ደግሞ በሙሉ አንድ ትጨምራለህ። ሁለቱም እኩል ስላደጉ ልዩነታቸው አይነካም። የእኛ ጥያቄ 5 ከ4/4 ሲቀነስ 3¾ ይሆናል፤ መልሱ ያው 2¼ ነው። በኋላ ዘዴው ከብዙ ክፍሎች ሲወጣ «መበደር» የሚለው ቃል ብቻ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ ተማሪው የሚመነዝረውን ተበደርኩ ይላል፤ ዕዳ ሳይኖርበት ባለዕዳ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1949 ዊልያም ብራውኔልና ሃሮልድ ሞዘር የተባሉ አሜሪካውያን በሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። መመንዘርንና ተበድሮ መክፈልን በሙሉ ቁጥሮች ቅነሳ ላይ አነጻጸሩ። የጥናቱ ትምህርት «ይህ ዘዴ ያሸንፋል» ከማለት ጠለቅ ይላል፤ ወሳኙ ልጁ ለምን እንደሚሠራ እየገባው መማሩ ነው። መመንዘርም ከምክንያቱ ጋር ሲሰጥ ነው ጥሩ ፍሬ ያሳየው። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ክፍሎች በብዛት ወደ መመንዘር አዘነበሉ።

ታዲያ ምን ይጠበስ?

«እና ምን ይሁን?» ትሉኝ ይሆናል። እኔ መምህራንን ለመውቀስ አልተነሳሁም፤ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንደሚታጨቅ አውቃለሁ። ስቴፕ አይጻፍም እያልኩም አይደለም። የእማዬ ዘዴ ብቻውን የትም አያደርስም፤ 9 ላይ 2⅜ እና 1⅚ ሲመጣ ሁሉንም ወደ ሃያ አራተኛ መንዝሮ 4 19/24 ላይ መድረስ የግድ ነው።

የምለው ይህን ነው፦ ሦስት መንገድ ያለውን ነገር አንድ መንገድ ብቻ አስመስለን ስናስተምር ሁለት ሰው እናጣለን። አንዷ ልጅቷ ናት፤ ሰዓት ስትቆጥር የምትችለውን ነገር ደብተር ላይ አልችልም ብላ ተስፋ ትቆርጣለች። ሌላዋ እናትየው ናት፤ በየቀኑ የምትሠራውን ሒሳብ ሒሳብ አይደለም ብላ ለልጇ ማስረዳቷን ትተዋለች። በየቤቱ ስንት እናት፣ ስንት ባለሱቅ አባት የልጁን ደብተር «እኔ ምን አውቄ» ብሎ ይመልስ ይሆን? ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው አስተማሪ በገዛ እጁ ከሥራ ተሰናበተ ማለት ነው።

በማግሥቱ ማታ የእማዬን የልብስ መለኪያ ሜትር ወለሉ ላይ ዘርግተን ከእህቴ ጋር ሦስቱንም መንገድ ሠራን። ሦስቴም 2¼ ወጣ። ከዚያ ያስቸገራትን ጥያቄ በራሷ ስቴፕ ጻፈችው፤ ከጎኑ ደግሞ «ማረጋገጫ» ብላ የእማዬን መንገድ ጨመረች። «ሒሳብ አይገባኝም» የሚለውን ግን አላጠፋችውም። እኔም አላስገደድኳት፤ ጊዜ ይፈልጋል።

ለእማዬ የአህሜስን ታሪክ ነገርኳት። ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ስላት በአፏ የያዘችውን መርፌ አውጥታ ትንሽ አሰበች።

«ልብስ ሰፊ ነበር?»

«ኧረ ጸሐፊ ነው እማዬ።»

«ታዲያ ይህን ከማን ተማረው?» አለችና መርፌዋን መልሳ ነከሰች።

እኔ መልስ የለኝም። እናንተ ግን ዛሬ ማታ የልጆቻችሁን ደብተር ስታዩ «እኔ ምን አውቄ» ከማለታችሁ በፊት ለሦስት ሩብ ጉዳይን አስታውሱ።

ቸር እንሰንብት!